ማሽኑ የት ደርሼ ቀረሁ እያለ ነው?

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነኝ።

ዛሬ ስለ ኤረር ሜሴጅ ላውራ፤ ኮምፒውተር ወይም ስልክ አንድ ነገር ሲሳነው ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው መልእክት ማለት ነው። ብዙዎቻችን ሳናነበው እንዘጋዋለን። ከዚያ «ኔትወርክ የለም» እንላለን፣ ራውተሩን ነቅለን እንሰካለን። እኔን ይሄ ያሳዝነኛል። መልእክቱ እኮ ነገሩ የቱ ጋ እንደተሰናከለ እየነገረን ነው።

የአክስቴ ልጅ መሐል ሜዳ ከተማ ታስተምራለች። በቀደም ደወለችልኝ። «ወንድምዬ፣ ኢንተርኔቱ ሞቷል፤ ጂሜይልም እምቢ አለ።» ስክሪኑ ላይ ያለውን አንብቢልኝ አልኳት። «ዩር ክሎክ ኢዝ ቢሃይንድ» አለች። ሰዓትሽ ወደኋላ ቀርቷል ማለቱ ነው። እስቲ ቀኑን እዪው ስላት ዓመቱ 2018 ይላል። ለካ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። እሷም በእኛ አቆጣጠር ሞላችው።

ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያሳይበት ሰርተፊኬት አለው፤ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒውተሩ 2018 ላይ ነኝ ካለ፣ ሰርተፊኬቱ ሊሰጥ ገና ሰባት ስምንት ዓመት ይቀረዋል። ስለዚህ አያምነውም። ኔትወርኩ ግን ደህና ነበር። ዓመቱን በፈረንጆቹ አስተካከለች፣ ወዲያው ከፈተ። ባትሪዋን ካልቀየረች ግን ነገም ያው ነው።

«ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» (ግንኙነቱ ተከለከለ) ካለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰርቨሩ ጋ፣ ማለትም አገልግሎቱን የሚሰጠው ኮምፒውተር ጋ ደርሰናል፤ የምንፈልገው ፕሮግራም ግን አልተነሳም። ኬብል መነቃቀል ትርፉ ድካም ነው። 503 የሚል ቁጥር ካወጣ ሰርቨሩ ለጊዜው ማስተናገድ አልቻለም። የ12ኛ ክፍል ውጤት የወጣ ቀን እንደሚሆነው ማለት ነው። ያኔ ሪፍሬሽ መደጋገም ጭነቱን ያባብሳል፤ ትንሽ ቆይቶ መሞከር ይሻላል።

እኔ ከሁሉም የምፈራው ታይም አውትን ነው፤ መልስ ሳይመጣ የመጠበቂያው ጊዜ ሲያልቅ ማለት ነው። መልእክተኛ ልካችሁ ሳይመለስ ሲቀር፣ ሳይደርስ ይቅር ወይም አድርሶ ሲመለስ ይቅር በምን ታውቃላችሁ? ሸዋ ሮቢት ያለ ነጋዴ የማሾ ሂሳብ በስልኩ ላከ እንበል። ስልኩ ታይም አውት አለው። ጥያቄው ደርሶ፣ ገንዘቡ ወጥቶ፣ መልሱ ብቻ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። «ድጋሚ ላክ» የሚለውን ከነካ ሁለቴ ይከፍላል። በደንብ የተሠራ ሲስተም ለእያንዳንዱ ክፍያ መለያ ቁጥር ይሰጥና ድግሙን ያስቀራል። ሁሉም ግን እንደዚያ አልተሠራም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ እንዲህ ሲገጥማችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ። የላካችሁትን ዝርዝር ክፈቱ። ተቀባዩን ደውላችሁ ጠይቁ። ገንዘቡ አለመውጣቱን ስታረጋግጡ ብቻ ድጋሚ ላኩ። ወጥቶ ካልደረሰ ደግሞ ስክሪንሾት ያዙ፤ ሰዓቱና የግብይት ቁጥሩ ይታይ። ባንክ ስትሄዱ እሱን አሳዩ፤ «ሲስተሙ እምቢ አለኝ» ብቻ ካላችሁ ግን ሠራተኛውም ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።