የመጀመሪያ መሮ በትንሽ ብር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከለገጣፎ የደወለ ወጣት፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ግቢያችን ውስጥ በቆርቆሮ የከለልኳት ትንሽ ቦታ አለችኝ። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ በርጩማ መሥራት ጀምሬያለሁ። መጋዝና መዶሻ አለኝ፣ መሮ ግን የለኝም። መርካቶ 12 ፍሬ ያለው ሙሉ ስብስብ በርካሽ አየሁ። ልግዛው?

መልስ፦ ተው፣ እሱን አትግዛ። 12 ከገዛህ ዘጠኙ ሳጥን ውስጥ ይተኛሉ። ያን ያህል ፍሬ በጣም ረክሶ ሲሸጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብረቱ ለስላሳ ነው። በደረቅ ባህር ዛፍ ላይ አንድ ቀዳዳ ሳትጨርስ አፉ ይታጠፍብሃል።

በዚያው ብር ሦስት ደህና መሮ ፈልግ፤ ባለ 6፣ ባለ 12 እና ባለ 25 ሚሊ ሜትር። የበርጩማ እግር ላይ የምትፈለፍለው ቀዳዳ ስፋት የእንጨቱን ውፍረት ሲሶ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። እግሩ 4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ባለ 12ቱ ልክህ ነው። ቀጭን ጣውላ ላይ ባለ 6ቱ ይሠራል። ባለ 25ቱ የበር ማጠፊያ ቦታ ለማውጣትና ትርፍ እንጨት በእጅ ገፋ አድርጎ ለማስተካከል ነው። ባለ 18 ሲያስፈልግህ ራስህ ታውቀዋለህ፤ ያኔ አንዱን ብቻ ትገዛለህ።

አደራ የምልህ ግን፣ ብሩን ሁሉ መሮው ላይ አትጨርስ። ለመሳያው አስቀር። አዲስ መሮ ከሱቅ ሲወጣ ለሥራ የሚበቃ ስለት የለውም። ስንት ልጅ «እጄ አይሆንም» ብሎ ሙያውን ሲተው አይቻለሁ! እጁ ደህና ነበር። መሮው ነው ያልተሳለው።

ከቱሉ ዲምቱ የደወለች እናት፦ ልጄ አናጢነት ሊማር ነው። አዲሱ ከተወደደብኝ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ብገዛለት ምን ይመስልዎታል? ጥሩውን በምን ልለየው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያገለገለ መሮ እኔም ደስ እያለኝ ነው የምገዛው። መጀመሪያ ገልብጠሽ ጠፍጣፋውን ጀርባ እዪ። ላይ ላዩን ያለ ዝገት ይለቃል። ብረቱን በልቶ ጉድጓድ ያወጣ ዝገት አፉ አካባቢ ካለ ግን ተዪው፤ ስለቱ እዚያው ጉድጓድ ላይ ይሰበራል። ከዚያ ወደ ዓይንሽ አቅርበሽ እንደ ቀስት መታጠፍ አለመታጠፉን ተመልከቺ። እጀታው ቢሰነጠቅ ግድ የለሽም፣ በወይራ ይተካል።

ትንሽ ሞረድ ይዘሽ ሂጂ። ሻጩን አስፈቅደሽ አፉ አጠገብ ጠርዙን ቀስ ብለሽ ሞርጂው። ሞረዱ ከተንሸራተተ ወይም ጫር ብቻ ካደረገ ብረቱ ጠንካራ ነው። እንደ ምስማር በቀላሉ ከተቆረጠ ለስላሳ ነው፣ አትግዢው። እጀታው ላይ የታወቀ ስም መጻፉ አያስተማምንም፤ አስመስለው የሚሠሩ አሉ።

ከሰበታ የደወሉ አባት፦ መሮዬን ብየዳ ቤት ወስጄ በግራይንደር አስሳልኩት። አፉ ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስለት አይዝልኝም።

መልስ፦ አባቴ፣ ተቃጥሎብዎት ነው። እኔም በልጅነቴ የመጀመሪያ መሮዬን እንዲሁ አቃጥዬ አልቅሻለሁ። ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል፣ ጥንካሬውንም ያጣል። መድኃኒቱ ሰማያዊውን ክፍል በግራይንደሩ ቀስ ብሎ ሞርዶ ማስወገድ ነው። በሁለት በሦስት ሰከንዱ ውኃ ውስጥ ይንከሩት። በእጅ ለመያዝ ከፈጀዎት ሳይነክሩት ዘግይተዋል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ግራይንደር አያስፈልግዎትም። ወፍራም መስታወት ይፈልጉ፤ መስኮት ቤት ቁራጭ አይጠፋም። ውኃ የሚችለውን ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 400፣ 1000 እና 2000 ይግዙ። ወረቀቱን አርጥበው መስታወቱ ላይ ይለጥፉት። መጀመሪያ ጀርባውን፣ ከአፉ ወደ ኋላ 2 ሳንቲ ሜትር ያህሉን ብቻ፣ መስታወት እስኪመስል ያሹት። ይህ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ ስለሆነ አይሰልቹ። ከዚያ ሰያፉን ጎን፣ ወደ አፉ እያጋደለ የሚቀጥነውን፣ አዙረው ይሹ። ለማዕዘኑ መለኪያ የለኝም ካሉ፣ የብረቱ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሰያፉ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። እጥፍ ሲሆን 30 ዲግሪ ይመጣል፤ ለእኛ ጠንካራ እንጨት ይስማማል። በጀርባው በኩል በጣት ሲዳሰስ የሚሻክር ነገር ከአንድ ጠርዝ እስከ ሌላው ካገኙ ደርሷል። ወደ ቀጣዩ ወረቀት ይሂዱ። በመጨረሻ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ ብቻ እየጎተቱ ይጥረጉት።

የእጅዎን ጸጉር ከላጨ ጥሩ ነው። እኔ ግን ለስላሳ እንጨት ጫፍ ላይ፣ ቃጫው በሚታይበት በኩል፣ እሞክረዋለሁ። ሳይቦጭቅ አንጸባራቂ አድርጎ ከቆረጠ ተስሏል።

ከቡራዩ፣ በአጭሩ፦ በብረት መዶሻ መምታት ይቻላል?

መልስ፦ እጀታው ጫፍ ላይ የብረት ቆብ ካለው ይቻላል። እንጨት ብቻ ከሆነ ይፈርጥብሃል። ከወይራ ወይም ከባህር ዛፍ ቁራጭ የእንጨት መዶሻ ሥራ። ስትፈለፍል ደግሞ ሌላው እጅህ ከአፉ ፊት አይሁን፤ እንጨቱን በሞርሳ፣ በብረት መቆንጠጫው፣ እሰረው።

ከሱሉልታ፦ ክረምት ላይ በአንድ ሳምንት ይዝግብኛል።

መልስ፦ ቆርቆሮ ቤት ማታ ጤዛ ያወርዳል፣ መሮውም ላይ ያርፋል። ሥራ ስትጨርሺ በደረቅ ጨርቅ ጠርገሽ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ቀቢው። ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጪው። በዘይት በታሸ ጨርቅ ጠቅልለሽ መኖሪያ ቤት ውስጥ አሳድሪው።