ላይክ ቦቲ አይገዛም፦ የዓመታዊ ስብሰባችን መክፈቻ ንግግር

እንደምን አደራችሁ ወገኖች፣ የጣና ዳሯ የጎርጎራ ልጆች፣ አባቶች እናቶች፣ በጠዋት ተነስታችሁ የመጣችሁ ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ አዳራሹን በነፃ ለፈቀዱልን እግዜር ይስጥልን፣ ቡና ላፈሉት እህቶቻችንም እንደዛው። ፕሮቶኮሉ ይብቃኝና ሆዴ ውስጥ ወዳለው ልግባ።

ወንበሮቹን እያያችሁ ነው? ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። አራት ኪሎ እኮ ነው ያለነው፣ መንገዱ በኮሪደር ሰፍቷል፣ ቀኑ እሁድ ነው፣ ምን ሰበብ ይቀራል?

የቀሩትን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ በየቀኑ አገኛቸዋለሁ። የጎርጎራ ሪዞርት ፎቶ ሲለቀቅ ልብ ይዘንባል፣ "ጎርጎራዬ!" ነው። ታሪክ ከተነሳማ አያድርስ ነው፣ ስፔናዊው የካቶሊክ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ለአፄ ሱስንዮስ ቤተመንግሥት አሠራ፣ ንጉሡ ካቶሊክ ሆኖ ሀገር ተናወጠ፣ በፈረንጆቹ 1632 ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፣ ወደቡን ጣሊያን ሠራው እያሉ እስከ እኩለ ሌሊት ይሟገታሉ። ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው፣ በሥዕል ያጌጠችው የደብረ ሲና ማርያም ልጅ ቢኮራ ማን ይፈርዳል። በማግስቱ መዋጮ ሲባል ግን ግሩፑ ጭጭ!

ዓመቱን ሙሉ ያጨቃጨቀን ይኸው ነው። አምና ጣናን ለወረረው አረም ለእምቦጭ ነቃዮች ቦቲና ጓንት እንግዛ ብለን እጅ አውጥተን ወሰንን፣ ከዛ አንዱ "መንግሥት በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ሪዞርቱ ላይ ያን ሁሉ ብር አፍስሶ የለ፣ እኛን ምን አገባን" አለ፣ ሌላው በገንዘቡ ቲሸርት ይታተም አለ፣ ቲሸርት! ሪዞርቱ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም፣ ግን ሰው ጎርጎራ የሚሄደው ጣናን ሊያይ ነው። እምቦጩ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የደምቢያን ዳር ይዞታል፣ ሞተር ጀልባ ሲያልፍ ፕሮፔለሩን ይጠመጥመዋል፣ መረብ ይዘጋል፣ ዓሳ አጥማጁ ቆሮሶ ፍለጋ ሲገባ ቅጠል ጎትቶ ይወጣል። ጀልባ ነጂው እንደሆነ በፀጥታው ምክንያት ቱሪስት ከራቀው ቆይቷል።

ሲነቀል ያየ ያውቃል። ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ይጎትታል፣ የቅጠሉ አገዳ አየር ስለያዘ ይንሳፈፋል እንጂ አይሰጥምም፣ ሥሩ ጭቃ እያንጠባጠበ ዳር ይከመራል፣ ቶሎ ካልተነሳ ደራሽ ሲመጣ ተመልሶ ይገባል። ዘሩ ደግሞ ጭቃው ውስጥ ዓመታት ይቆያል፣ ስለዚህ አንዴ ዘምተን ፎቶ ተነስተን የምንጨርሰው አይደለም። ቢልሃርዚያ ያለበት ውሃ ውስጥ በባዶ እግሩ የሚገባውን ሰው አስቡት፣ የአብዛኞቻችን አጎት ነው እኮ፣ የአክስታችን ልጅ ነው።

የሠራነውን ልበል፣ ለተማሪዎች ደብተር ላክን፣ የመጀመሪያውን ዙር ቦቲ ላክን፣ የታመሙ ጠየቅን። በቃ። ሁለተኛው ዙር በብር እጥረት ቆሟል።

በወር መቶ ብር ነው እኮ ያልነው። ውጭ ሀገር ያላችሁት "ቪዲዮ ላኩልን" ከማለታችሁ በፊት መዋጮውን ላኩ። ሲኤምሲ ያለኸው አንተም፣ ስምህን አልጠራም፣ ይሄን ንግግር ግሩፑ ላይ እንደምታነበው አውቃለሁ፣ የስምንት ወር አለብህ፣ በቴሌብር ላክ።

ገንዘብ ያዧ በሩ ጋ ደረሰኝ ይዛ ቁጭ ብላለች። አሁን ኦዲተሩ ሪፖርቱን ያቅርብ፣ ከዛ የቲሸርቱ ጉዳይ ድምፅ ይሰጥበትና ይዘጋ።