ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ሲቀር፦ አክሮቲሪን በትንሽ ቡድን መጎብኘት

ጤና ይስጥልኝ ውድ ተመልካቾቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምወስዳችሁ በግሪክ ሳንቶሪኒ ደሴት ደቡባዊ ጫፍ ወደምትገኘው ጥንታዊት ከተማ፣ ወደ አክሮቲሪ ነው። ሳንቶሪኒን ቢያንስ በፎቶግራፍ ያላየ ሰው ብዙ አይመስለኝም፤ ነጩን ቤት፣ ሰማያዊውን ጉልላት፣ የጀምበር መጥለቂያውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ግን ነጩን ቤት እንተወውና ከ3,600 ዓመታት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ አመድ ወደ ተቀበረ ቤት እንሂድ። የምንሄደውም ከአንድ አስጎብኚ ጋር ስምንት ሰዎች ሆነን ነው። ስምንት ሰዎች! ይህን ቁጥር በዚህ ቪዲዮ ውስጥ ደጋግሜ አነሣዋለሁ፤ የማነሣውም ከልቤ ስለማምንበት ነው።

አክሮቲሪን መጀመሪያ ያየሁት በመርከብ ከመጣ፣ አርባ ያህል ሰው ከነበረበት ቡድን ጋር ነበር። ቦታው በሰፊ ጣሪያ የተሸፈነ ስለሆነ ድምፅ ይበተናል፤ መተላለፊያው አርባ ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም፤ ስለዚህ ፊት የነበሩት ሲያዳምጡ እኛ ከኋላ የነበርነው የሰማነው «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» የሚለውን ብቻ ነበር። ያየሁት ግድግዳ፣ ፍርስራሽና ሲሚንቶ ነው። በተለይ ሲሚንቶው አናደደኝ። የበሩ መቃን ሲሚንቶ፣ የመስኮቱ ክፈፍ ሲሚንቶ! ይህን ያህል ባሕር ተሻግሬ የመጣሁት የዘመናችንን ሲሚንቶ ለማየት ነው እንዴ ብዬ አዝኜ ወጣሁ።

በሁለተኛው ጊዜ በትንሽ ቡድን ገባሁ። አስጎብኚያችን በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ፤ የሙያ ፈቃዳቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ወደ ውስጥ እንደገባን ስለ ዘመንና ስለ ነገሥታት አላወሩንም። ያንኑ ያናደደኝን መስኮት ፊት አቁመውን፣ በእጃቸው ወደ ሲሚንቶው እያመለከቱ፣ «ይህ ለምን እዚህ ገባ?» ብለው ጠየቁን። ስምንታችንም ዝም አልን። እሳቸውም እስክናስብበት ድረስ ዝም ብለው ጠበቁን። አርባ ሰው የያዘ አስጎብኚ እንዲህ ዝም ብሎ መጠበቅ አይችልም።

መልሱ ይህ ነው። የአክሮቲሪ ሰዎች ቤታቸውን ሲሠሩ በድንጋዩ መካከል እንጨት ያስገቡ ነበር፤ የበሩ መቃን እንጨት፣ የመስኮቱ ክፈፍ እንጨት፣ ግድግዳውን የሚያስተሳስረውም እንጨት ነበር። አመዱ ከተማዋን ቀበራት። ዘመን ሲያልፍ እንጨቱ በስብሶ ጠፋ፤ በዙሪያው የተጠቀጠቀው አመድ ግን ቅርጹን እንደያዘ ቀረ። ስለዚህ ቆፋሪዎቹ ያገኙት ባዶ ቦታ ነው፤ የእንጨት ቅርጽ ያለው ባዶ ቦታ። ግድግዳው እንዳይናድ በዚያ ባዶ ቦታ ልክ ሲሚንቶ አስገቡበት። እንግዲህ እኔ የተናደድኩበት ሲሚንቶ የቆመው የጥንቱ እንጨት በቆመበት ቦታ ነው።

አሁን በጣም የምወደውን ምሳሌ ላምጣና ረጋ ብለን እንየው። ሁላችንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምና ወርቅ እየተባለ ሲነገር ሰምተናል፤ ስለ ቅኔ ሲወራ ሰሙ የላዩ፣ ወርቁ የውስጡ ነው እንላለን። ሆኖም ስሙ የመጣው ከአንጥረኛው ቤት መሆኑን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። አንጥረኛው የሚፈልገውን ነገር፣ የመጾር መስቀል ይሁን ሌላ ጌጥ፣ አስቀድሞ በሰም ይቀርጸዋል። ሐረጉን፣ ጥልፉን፣ ጫፉን ሁሉ በሰም ይጨርሳል። ከዚያ ጭቃ ያለብሰዋል፤ ጭቃው ሲደርቅ ከእሳት ያገባዋል። ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳው ይወጣል። አሁን በጭቃው ውስጥ ምን አለ? ምንም የለም። ግን ያ «ምንም» የመስቀል ቅርጽ አለው! በዚያ ምንም ውስጥ የቀለጠው ወርቅ ይፈስሳል፤ ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል፤ ሰሙ የነበረው ሁሉ ወርቅ ሆኖ ይወጣል።

አክሮቲሪ እንዲሁ ናት። ሰሙ እንጨቱ ነው፤ ጭቃው አመዱ ነው። ሰሙን ያቀለጠው እሳት ሳይሆን ዘመን ነው። አርኪዮሎጂስቶቹ አመዱ ውስጥ ባዶ ቀዳዳ ባገኙ ቁጥር ፈጥነው ከማፍረስ ይልቅ ጀሶ አፈሰሱበት፤ ጀሶው ሲደርቅ አመዱን አነሡለት። ምን ወጣ? አልጋ ወጣ። እግሩ በጥሩ ጥበብ የተጠረበ ባለ ሦስት እግር ጠረጴዛ ወጣ። አልጋውን ሳየው የመጣብኝ የአገር ቤቱ የጠፍር አልጋ ነው፤ ቁመቱ፣ አጭር እግሩ፣ የማዕዘኑ አገጣጠም። ከእንጨቱ አንድ ስንጥር እንኳን አልቀረም፤ አልጋው ግን አለ። ይህን አስቡት፤ እንጨቱ የለም፣ አልጋው ግን አለ!

እዚህ ላይ፣ ይህን ምሳሌ የወደዳችሁ ሰብስክራይብ በማድረግ ቻናላችንን ብታግዙ ደስ ይለኛል፤ ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

የፍንዳታውን ሂደት ባለፉት ቪዲዮዎቻችን ስላየነው በአጭሩ ልለፈው። መጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ቀጥሎ ቀጭን የአመድ ንጣፍ፣ ከዚያ ፑሚስ የተባለው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ እንደ በረዶ መዝነብ፣ በመጨረሻም ትኩስ አመድና ጋዝ በምድር ላይ እየጋለበ መጣ። ፑሚሱ በመስኮት እየገባ ክፍሎቹን ስለሞላቸው ሁለትና ሦስት ፎቅ የነበራቸው ቤቶች ሳይደረመሱ ቆዩ። ዘመኑን በተመለከተ፣ በአመዱ ሥር የተቀበረ የወይራ ቅርንጫፍ በራዲዮካርቦን ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲታተም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1627 እስከ 1600 ባለው ጊዜ መካከል ተብሎ ነበር፤ ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚያወርዱትም ምሁራን አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ቁፋሮውን እ.ኤ.አ. በ1967 የጀመሩት ግሪካዊው ስፒሪዶን ማሪናቶስ ናቸው፤ በ1974 ሕይወታቸው ያለፈው በዚያው በቁፋሮው ቦታ ሲሆን ሥራውን ክሪስቶስ ዱማስ ተረከቡ።

ወደ አንድ ሌላ ጉዳይ ልግባ። ስለ ሳንቶሪኒ ባነሣሁ ቁጥር ተመልካቾች በብዛት የሚጽፉልኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «በድንጋይነት የቀሩትን ሰዎች ለምን አታሳየንም?» የሚል ነው። ይህን በጥሞና መመለስ አለብኝ። ያ ፖምፔ ነው። ፖምፔ ያለችው በጣሊያን ነው፤ የጠፋችውም እ.ኤ.አ. በ79 ስለሆነ በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ1,600 ዓመት በላይ አለ። በፖምፔ አካሉ በስብሶ በአመዱ ውስጥ የሰው ቅርጽ ያለው ባዶ ቦታ ቀረ፤ ጀሶ ሲፈስበት የሚሞት ሰው ምስል ወጣ። ዘዴው አንድ ነው፤ ሰሙ ግን የተለየ ነው። በዚያ ሰሙ ሰው ነበር፤ በአክሮቲሪ ሰሙ አልጋ ነው።

ታዲያ የአክሮቲሪ ሰዎች የት ሄዱ? በተቆፈረው የከተማዋ ክፍል በፍንዳታው የሞተ አንድም ሰው አልተገኘም። ሰዎቹ ወጥተዋል። እንዴት እናውቃለን? ባለ ሦስት ማዕዘኑ አደባባይ ላይ አስጎብኚያችን ያሳዩን ይህን ነው። የመሬት መንቀጥቀጡ ከተማዋን ካናወጣት በኋላ ሰዎች ተመልሰው ፍርስራሹን መጥረግ ጀምረው ነበር፤ ድንጋዩን በመንገዱ ዳር ከምረውታል። ከቤት የወጡ አልጋዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረው ውጭ ተገኝተዋል። ምዕራባዊ ቤት በሚባለው ውስጥ የደረቀ ቀለምና ልስን የያዙ ዕቃዎች ተገኝተዋል፤ ግድግዳ እየታደሰ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ሥራው ሳያልቅ ሁሉም ትተውት ሄዱ። ቀለሙን ትተው፣ አልጋውን ትተው፣ እህል የያዙትን ጋኖች እንደተደረደሩ ትተው ሄዱ። ወርቃቸውን ግን አልተዉም፤ በከተማዋ የከበረ ጌጥ ከነአካቴው የለም ማለት ይቻላል፤ ከአንድ ነገር በቀር። ወደዚያች አንዲት ነገር መጨረሻ ላይ እንመለሳለን።

«ድንጋይ የሆኑ ሰዎች» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ሁሉ፣ እኔን ከሬሳ ይልቅ የነካኝ እነዚያ አልጋዎች ናቸው። ቤቱን ሊያድስ አልጋውን ወደ ደጅ ያወጣ ሰው እመለሳለሁ ብሎ ነው የሚያወጣው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ሳንቶሪኒ በተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ስትናወጥ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች በጀልባና በአውሮፕላን ከደሴቲቱ ወጡ፤ ዜናውን ስሰማ በዓይነ ኅሊናዬ የመጡት እነዚያ የተነባበሩ አልጋዎች ነበሩ። የጥንቶቹ ተጓዦች ከወደብ ተነሥተው የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

በትንሽ ቡድን ስትሆኑ ልትጠይቋቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች ልንገራችሁ። አንደኛው የተሰበረው ደረጃ ነው። ዴልታ በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ያለው የድንጋይ ደረጃ እያንዳንዱ እርከኑ መሐሉ ላይ ተሰንጥቋል። መንቀጥቀጡ ቤቱን እንዴት እንደያዘው በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፤ አስጎብኚያችን እዚህ ላይ ምንም ማብራሪያ ሳይሰጡ እንድናየው ብቻ ፈቀዱልን። ሁለተኛው የምዕራባዊ ቤት መጸዳጃ ነው። ያለው ፎቅ ላይ ነው፤ ፎቅ ላይ! ከዚያ በግድግዳው ውስጥ የሸክላ ቧንቧ ወርዶ ከመንገዱ ሥር ካለው የፍሳሽ ቦይ ጋር ይገናኛል። መንገዱ ላይ ቆማችሁ ጎንበስ ብትሉ የቦዩን መደፈኛ ድንጋዮች ታያላችሁ። አርባ ሰው ከኋላ እየገፋ ጎንበስ ማለት ግን አይቻልም።

አስጎብኚ ስትመርጡ በግሪክ ሕግ ፈቃድ ያለው መሆኑን አረጋግጡ፤ ከስምንት እስከ አሥር ሰው ያልበለጠ ቡድንም ፈልጉ። እኔ የምጠቀምበት አንድ መፈተኛም አለ፤ በባሕር ሰጠመች ስለሚባልላት ስለ አትላንቲስ ጠይቋቸው። ታሪኩን የጻፈው ግሪካዊው ፈላስፋ ፕላቶ ነው፤ የጻፈውም ከፍንዳታው ከ1,000 ዓመት በላይ ቆይቶ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው፤ የሰጠውም ዘመን ከአቴናዊው ሕግ አውጪ ከሶሎን 9,000 ዓመት በፊት ስለሆነ ከዚህች ከተማ ጋር አይገናኝም። «አክሮቲሪ አትላንቲስ ናት» ብሎ በእርግጠኝነት የሚነግራችሁ አስጎብኚ አልጋዎቹን ሳያሳያችሁ ያልፋል የሚል ስጋት አለኝ። ደግሞም ጣሪያውን ቀና ብላችሁ ተመልከቱት። እ.ኤ.አ. በ2005 የጣሪያው አንድ ክፍል ተደርምሶ አንድ ጎብኚ ሞቷል፤ ቦታው ተዘግቶ የተከፈተው በ2012 ነው። ዛሬ በጥላ ሥር ተረጋግተን የምንቆመው ከዚያ ኀዘን በኋላ በተሠራ ሥራ ነው።

ከደሴቲቱ ዋና ከተማ ከፊራ ወደ አክሮቲሪ አውቶቡስ አለ፤ የመክፈቻ ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የግድግዳ ሥዕሎቹን በቦታው አትፈልጓቸው። አበባውና ወፉ ያለበት «ጸደይ» የሚባለው ሥዕል በአቴንስ ብሔራዊ አርኪዮሎጂ ሙዚየም ነው፤ ሰማያዊዎቹ ጦጣዎች ደግሞ በፊራ፣ በቅድመ ታሪክ ቴራ ሙዚየም ናቸው፤ ቴራ የሳንቶሪኒ ሌላ ስሟ ነው። ከጉብኝቱ ሲመለሱ በዚያው ቀን ወደ ፊራው ሙዚየም የሚወስድ ቡድን ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፤ ምክንያቱም ያቺ አንዲት የቀረች ነገር ያለችው እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 ለአዲሱ ጣሪያ ምሰሶ ሲቆፈር የሸክላ ሳጥን ተገኘ፤ በሸክላው ሳጥን ውስጥ የእንጨት ሣጥን ነበረ። እንጨቱ በስብሶ ሄዷል፤ በውስጡ የነበረችው ግን የወርቅ ፍየል ናት። እኛ ብናያት «ዋልያ!» ነው የምንላት፤ ቀንዶቿ ወደ ኋላ የታጠፉ፣ እግሮቿ የተሰበሰቡ፣ በእጅ መዳፍ ላይ የምትቆም ትንሽ እንስሳ ናት። የተሠራችው በምን ይመስላችኋል? በሰም። ቅርጿ በሰም ወጥቶ፣ ሰሙ ቀልጦ፣ ወርቁ ፈስሶበት ነው፤ እግሮቿና ጅራቷ በኋላ ተበይደውላታል። ስምንታችንም በመስተዋቱ ዙሪያ ተሰብስበን ቆምን፤ አስጎብኚያችን ከኋላችን ሆነው ሰዓታቸውን አላዩም። በሆዷ ሥር፣ እግሩ ከአካሏ በሚገናኝበት ቦታ፣ ብየዳው የተወው ጠባሳ አሁንም ይታያል።