መደርደሪያ ላይ ያለው ስልክ ይሠራል

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ በጣት እየዞረ ስለሚደወልበት የድሮ ስልክ ነው። ከእነዚህ ስልኮች አብዛኞቹ አሁን ጌጥ ሆነዋል። መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፣ አቧራቸው ይጠረጋል፣ እንግዳ ሲመጣ «አይ ጊዜ!» ይባልላቸዋል፣ በቃ። እኔ በዚህ አልስማማም። የሚናፍቀን ቅርጹ ብቻ አይደለም። የመደወያው ክብደት፣ ሲመለስ የሚያሰማው ድምፅ፣ እጀታው ሲነሳ ጆሮ ላይ የሚደርሰው የመስመር ድምፅ ነው የሚናፍቀን። ይህ ሁሉ ስልኩ ሲሠራ እንጂ ተቀምጦ አይገኝም። ደስ የሚለው ደግሞ ሞቷል የተባለ ስልክ ብዙ ጊዜ አልሞተም፤ ወይ መስመር አጥቷል፣ ወይ ውስጡ ቆሽሿል።

እስቲ ከመደወያው እንነሳ። ጣታችሁን ቀዳዳው ውስጥ ከትታችሁ እስከ ማቆሚያዋ ብረት ስታዞሩ ወደ መስመሩ የሚሄድ ነገር የለም። በዚያ ጊዜ ሞላ እየጠመዘዛችሁ ነው። ቁጥሩ የሚላከው ስትለቁት፣ መደወያው በራሱ ሲመለስ ነው። እየተመለሰ መስመሩን ቆረጥ ገጠም ያደርገዋል፤ 3 ከሆነ ሦስት ጊዜ፣ 7 ከሆነ ሰባት ጊዜ፣ 0 ደግሞ በአብዛኞቹ አገሮች አሥር ጊዜ። ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ነው። ይህን ፍጥነት የምትጠብቀው ከመደወያው ጀርባ ያለችው ገቨርነር ናት። ስትሽከረከር ክንፎቿ ወደ ውጭ ተከፍተው የዙሪያዋን ግድግዳ ይታከካሉ፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር መታከኩም ይበረታል። ችኩል ሰው መደወያውን በጣቱ እየገፋ ሲመልሰው የተሳሳተ ቁጥር የሚወጣው ይህን ልክ ስለሚያፋልሰው ነው።

ያ ቆረጥ ገጠም እዚያኛው ጫፍ ላይ ምን ያደርግ እንደነበር ልንገራችሁ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። አልመን ስትሮውጀር የተባለ አሜሪካዊ ቀብር አስፈጻሚ እ.ኤ.አ. በ1891 አውቶማቲክ ማዞሪያ፣ ማለትም ደዋይን ያለ ሠራተኛ እጅ ከሚፈልገው መስመር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ፣ ፈጥሮ የባለቤትነት መብት አገኘ። በ1892 ኢንዲያና ውስጥ ላ ፖርት በምትባል ከተማ ሥራ ጀመረ። በኋላ በዓለም ዙሪያ በተሰራጨው ዓይነት፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች የሚቀበለው አንድ የብረት ክንድ ነው። 4 እና 6 ብትደውሉ ክንዱ አራት ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ስድስት እርምጃ ወደ ጎን ይዞራል፤ እዚያ የሚያገኘው የምትፈልጉትን ሰው መስመር ነው። አሥር ደረጃ፣ በየደረጃው አሥር መስመር፣ በድምሩ መቶ። ጣታችሁ የለቀቀው መደወያ ሲመለስ፣ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያለ ብረት በዚያችው ቅጽበት እየዘለለ ይከተለው ነበር። ቁጥር መደወል ማለት በእውነትም የሆነ ነገር ማንቀሳቀስ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከምንም በፊት ስልኩን ከመስመር ንቀሉት። መስመሩ ላይ በዝምታው ጊዜ 48 ቮልት ያህል አለ፤ ጥሪ ሲመጣ ግን ከ75 እስከ 90 ቮልት የሚሆን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይመጣል፣ እጅን በደንብ ይነዝራል። ከሥር ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፍቱና ክዳኑን አንሱ። አንዲት ሽቦ ሳትነኩ የሁሉንም ቀለምና የታሰሩበትን ቦታ ፎቶ አንሱ። ይህችን የሚዘል ሰው በኋላ ሰዓታት ይከፍልባታል።

መደወያው በትክክል ይመለስ እንደሆነ በጆሮ መገመት አያስፈልግም። እስከ 0 አዙሩት፣ ልቀቁት፣ በሞባይላችሁ ድምፁን ቅዱ። ቅጂውን የድምፅ ማዕበል በሚያሳይ ፕሮግራም ስትከፍቱት አሥር «ቀጭ» ታገኛላችሁ። ከመጀመሪያው እስከ አሥረኛው 0.9 ሰከንድ መሆን አለበት፤ በአሥር ቀጭ መካከል ያለው ክፍተት ዘጠኝ ነው፣ እያንዳንዱም 0.1 ሰከንድ። 1.1 ካነበባችሁ መደወያው ዘግይቷል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ዘይት ነው። አሮጌውን በአልኮል በረጠበ ጥጥ ጥረጉና የጥርሶቹ ዘንጎች የሚሽከረከሩበት ጫፍ ላይ ብቻ ቀጭን የሰዓት ዘይት በመርፌ ጫፍ አስነኩ። ጠብታ እንኳን ይበዛል። ገቨርነሯ የምትታከክበት ግድግዳ ላይ ዘይት ከደረሰ መታከኩ ይጠፋና መደወያው ይከንፋል። በቆርቆሮ የሚሸጠውን የሚረጭ ዘይት ደግሞ አደራ፣ አታስጠጉት። ሁሉም ቦታ ይገባል፣ ከጊዜ በኋላ ሙጫ ይሆናል፣ ኮንታክቶቹንም፣ ማለትም እየተነካኩ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኙትንና የሚያቋርጡትን የብረት ነጥቦች፣ ያቆሽሻል።

ስለ ኮንታክት ካነሳን፣ መደወያው ላይ ሁለት ዓይነት አሉ። አንደኞቹ ቁጥሩን የሚቆርጡት ናቸው። ሌሎቹ መደወያው ከቦታው እንደተነሳ ማዳመጫውን ያፍኑታል፣ ያ ሁሉ ቀጭ ቀጭ ጆሮ እንዳይበላ። እነዚህ ተጣብቀው ሲቀሩ ደውላችሁ ስትጨርሱም ጸጥ እንዳለ ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ማዳመጫው ተቃጥሏል» ብሎ ደህናውን ዕቃ ይጥላል። መድኃኒቱ አልኮል የነካ የወረቀት ቁራጭ ነው፤ በሁለቱ ነጥቦች መካከል አስገብታችሁ በቀስታ ሳብ ማድረግ ነው። የብርጭቆ ወረቀት አትጠቀሙ፣ ነጥቦቹ የተለበጡበትን ውድ ብረት ይግጣል።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ በእነዚህ የድሮ ዕቃዎች ላይ ቀድሞ የሚያረጀው ብረቱ አይደለም፤ ዘይቱ፣ ጎማውና ጨርቁ ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ካሴትም እንዲሁ ነው። ለዓመታት የተቀመጠ ቴፕ አልዘፍን ሲል ሞተሩ ደህና ሆኖ፣ ውስጡ ያለው ትንሽ የጎማ ቺንጋ ላልቶ ወይም ጥቁር ሙጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሙጫውን በአልኮል ጠርጋችሁ ልክ የሚሆን ቺንጋ ከቀየራችሁ፣ ክሩ በሰከንድ ወደ 4.76 ሴንቲ ሜትር ፍጥነቱ ይመለሳል። በአሮጌ ስልክ ውስጥም በጎማ የተሸፈነ ሽቦ ካለ አጠፍ አድርጋችሁ እዩት። የሚፈረፈር ከሆነ ገመዱን ሙሉ ለሙሉ ቀይሩት፤ ሽቦዎቹ ተነካክተው መስመሩን እንደተነሳ ስልክ ያስይዙታል።

ወደ እጀታው እንምጣ። የድሮው መናገሪያ ውስጥ የካርቦን ፍርፋሪ አለ። ድምፃችሁ ፍርፋሪውን ሲጫነው ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያልፋል፣ ሲለቀው ይቸገራል፤ ድምፁ የሚላከው በዚህ ነው። ለብዙ ዓመት ሳይነካ ከተቀመጠ ግን ፍርፋሪው እንደ ረጠበ ጨው ይቋጠራል፤ ድምፃችሁ ደክሞ ወይም እየተንኮሻኮሸ ይወጣል። እጀታውን በመዳፍ መታ መታ እያደረጋችሁ አዙሩት፣ ብዙ ጊዜ ይፈታል። ካልተፈታ ክፍሉን መክፈት ዋጋ የለውም፤ በዚያው ልክ የተሠራ ዘመናዊ ምትክ ይገጠምለታል።

እዚሁ እጀታ ውስጥ፣ ሳናውቀው የሚናፍቀን አንድ ነገር አለ። በድሮ ስልክ ስታወሩ የራሳችሁ ድምፅ በልኩ ተቀንሶ በማዳመጫው ይመለስላችኋል። መሐንዲሶቹ ለዚህ ልክ በጣም ተጨንቀዋል። ሲበዛ ሰው ሳያውቀው ድምፁን ዝቅ ያደርግና ወዲያኛው ሰው አይሰማውም፤ ሲጠፋ ደግሞ መስመሩ የተቋረጠ ይመስለውና ይጮኻል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ጥቅል ሽቦ፣ ካፓሲተርና ሬዚስተር አስማምተው አብዛኛውን አጥፍተው ትንሹን ትተውታል። ሰው በሞባይል ሲያወራ አላፊ አግዳሚው እስኪሰማው የሚጮኸው አንዱ ምክንያት ይህ ድምፅ ስለሚያንሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ስልኩን ከጠገናችሁ በኋላ መስመር ላይ አድርጋችሁ መናገሪያው ላይ እፍ በሉ። ትንፋሻችሁ በማዳመጫው ከተሰማ መናገሪያውም፣ ማዳመጫውም፣ ገመዱም ደህና ናቸው ማለት ነው።

ደወሉ ቀላል ነው። ድምፁ ታፍኖ ከወጣ መዶሻዋ ስታርፍ አንዱን ቃጭል እየነካች ነው። የቃጭሎቹ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ስላልሆነ፣ ብሎኑን አላልታችሁ ስታዞሩት ክፍተቱ ይስተካከላል። ጭራሽ ካልጮኸ የደወሉን ሽቦ ፈልጉ፤ በብዙ ስልኮች ላይ ከንግግሩ መስመር ተለይቶ ስለሚወጣ ሳይታሰር ይቀራል። ሽቦው ደህና ከሆነ ከደወሉ ጋር ተከታትሎ የታሰረውን ካፓሲተር ተጠራጠሩ። የወረቀት የሆኑት ሲያረጁ ያፈሳሉ። በላዩ የተጻፈውን ማይክሮፋራድ አንብባችሁ ተመሳሳይ መጠን ያለው፣ 250 ቮልት የሚችል የፕላስቲክ ፊልም ካፓሲተር ተኩለት።

የመዳብ መስመር በየአገሩ እየተዘጋ ስለሆነ፣ አሁን ስልኩ የሚሰካው ከራውተር ጋር በሚገናኝ አናሎግ አዳፕተር፣ ማለትም የድሮ ስልክን በኢንተርኔት በሚያሠራ ትንሽ ሳጥን ላይ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ የሚዞር መደወያ ይቀበላል ወይ? ብዙዎቹ የሚሰሙት እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የመጣውን የቁልፍ ስልክ ድምፅ ብቻ ነው። እነሱ ላይ ጥሪ ትቀበላላችሁ፣ መደወል ግን አትችሉም። በመሐል የሚገባ፣ ምቱን ወደ ድምፅ የሚቀይር ትንሽ መሣሪያ አለ፤ እሱ ይፈታዋል። ደወሉ በአዳፕተሩ ሲደክም ደግሞ ቅንብሩ ውስጥ የጥሪ ድግግሞሹን 20 ወይም 25 ኸርዝ አድርጉት፣ የጥሪ ቮልቱንም ከፍ አድርጉ።

የቀረችው የመብራት ነገር ናት። የድሮው ስልክ መብራት ሲጠፋም ይሠራ የነበረው ማዞሪያ ጣቢያው ከባትሪው በመስመሩ ስለሚመግበው ነው። አዳፕተሩ ግን ከግድግዳ ነው የሚበላው፤ መብራት ሲሄድ ስልኩም አብሮ ይሄዳል። ለራውተርና ለአዳፕተር የሚሆን አነስተኛ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ፣ አለ። የሁለቱንም ጀርባ አንብቡ፤ ራውተሩ 12 ቮልት፣ አዳፕተሩ 5 ቮልት ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱንም የሚያወጣ ምረጡ። ከዚያ መብራቱን ራሳችሁ አጥፉና እጀታውን አንሱ፤ የመስመሩ ድምፅ ካለ ጨርሳችኋል። በሚቀጥለው እስክንገናኝ ደህና ሁኑልኝ።