ባሕሩ የሸሸባቸው ሆቴሎች፦ ሆንግ ኮንግን በመስኮቷ በኩል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ሆንግ ኮንግ ነን።

እዚህ ከተማ የአልጋ ዋጋ የሚሰቀለው በመስኮቱ ነው። ሆቴሉ አንድ፣ ፎቁ አንድ፣ ፍራሹም መታጠቢያ ቤቱም ያው ሆኖ፣ አንዱ ክፍል ፊቱን ወደ ቪክቶሪያ ወደብ፣ ሌላው ጀርባውን ስላዞረ ብቻ ዋጋቸው ይራራቃል። እንግዲህ ገንዘቡ የሚወጣው ለውሃው ከሆነ፣ ውሃው የት እንዳለ ማወቅ ደግ ነው። ችግሩ ውሃው አንድ ቦታ አልቀመጥ ማለቱ ነው። ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ባሕሩን በአፈርና በድንጋይ እየሞሉ መሬት ሲያወጡ ኖረዋል፤ ወደቡን ከዚህ የሚጠብቅ ሕግ የወጣው በ1997 ነው። በዚህ ዝግጅት የምጠራቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፔኒንሱላ ሆቴልን ውሰዱ። በ1928 በካውሉን፣ ማለትም ከደሴቱ ማዶ ባለው የወደቡ ዳር፣ በሳልስበሪ ሮድ ላይ ሲከፈት፣ ፊት ለፊቱ ባቡር ጣቢያው፣ ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ነበር። በታኅሣሥ 25 ቀን 1941 የእንግሊዙ ገዢ ማርክ ያንግ ለጃፓኖች እጁን የሰጠው በዚሁ ሆቴል ነው። ጣቢያው በ1978 ፈረሰ፤ የተረፈው 44 ሜትር የሚረዝመው የሰዓት ማማ ብቻ ነው። በ1980 በሆቴሉና በውሃው መካከል የጠፈር ሙዚየሙ ተደነቀረ። ስለዚህ በአሮጌው ሕንፃ ፊተኛ ክፍል መስኮት ስትከፍቱ የሚቀበላችሁ ነጭ ጉልላት ነው። ወደቡ በደንብ የሚታየው በ1994 ከኋላ ከተጨመረው ባለ 30 ፎቅ ማማ ላይኛው ክፍል ነው። አልጋ ስትይዙ ‹ፔኒንሱላ› ማለት ብቻ አይበቃም፤ የቱ ሕንፃ፣ ስንተኛ ፎቅ፣ በየትኛው ጎን ብላችሁ ጠይቁ።

ማንዳሪን ኦሪየንታልም እንዲሁ ነው። በ1963 በሆንግ ኮንግ ደሴት በኩል፣ ሴንትራል በሚባለው ሰፈር ሲከፈት የወደቡ ዳር ሆቴል ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሕሩ በተደጋጋሚ ስለተሞላ፣ ዛሬ በሆቴሉና በጀልባው መሳፈሪያ መካከል ደህና የእግር መንገድ አለ። የስታር ፌሪ መሳፈሪያ ራሱ በ2006 ወደ ውጭ ተገፍቷል። ሆቴሉ በአገልግሎቱ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ‹ሐርበር ቪው› (ወደብ የሚያሳይ) ለሚለው ክፍል ከመክፈላችሁ በፊት ከመስኮቱ ፊት ምን ሕንፃ እንደቆመ በጽሑፍ አስመልሱ። ‹ፓርሻል› (በከፊል) የሚል ቃል ከፊቱ ከተጨመረበት፣ በሁለት ሕንፃ መካከል የገባች የውሃ ቁራጭ ጠብቁ።

ተቃራኒው ደግሞ ሪትዝ ካርልተን ነው። በ484 ሜትሩ አይሲሲ ሕንፃ ከ102ኛ እስከ 118ኛ ፎቅ ይዞ በ2011 ተከፈተ። የቆመበት የምዕራብ ካውሉን መሬት እስከ 1990ዎቹ ድረስ ባሕር ነበር። እዚያ ላይ ሕንፃ አይጋርዳችሁም፤ የሚጋርዳችሁ ደመና ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት የፈረንጅ ወራት እርጥበቱ ይበረታል፣ ጉሙ ዝቅ ይላል፤ በ110ኛ ፎቅ ላይ ውድ ገንዘብ ከፍሎ ነጭ አንሶላ የመሰለ መስኮት ሲያዩ መዋል አለ። በእነዚያ ወራት ዝቅ ብሎ ውሃው አፋፍ ላይ የተቀመጠ ሆቴል ይሻላል። ሪጀንት እንዲህ ነው፤ በ1980 ተከፍቶ፣ ስሙ ኢንተርኮንቲኔንታል ሆኖ ቆይቶ፣ በ2023 በቀድሞ ስሙ ተመልሷል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ግን አየሩ ደረቅና ጥርት ያለ ስለሆነ ከፍታው ዋጋ አለው።

የቱ ዳር ይሻላል ለሚለው፣ እኔ ካውሉንን እመርጣለሁ። ከካውሉን ሆናችሁ የደሴቱን ሕንፃዎችና ከጀርባቸው ያለውን ተራራ አንድ ላይ ታያላችሁ፤ ከደሴቱ ስታዩ ግን ተራራው ከኋላችሁ ይቀራል። በወደቡ ዳር ባሉት ሕንፃዎች ላይ በየምሽቱ የሚታየው የመብራት ትርኢት ሁልጊዜ በነሱ 8 ሰዓት፣ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በሰዓት አቆጣጠሩ ተሳስቶ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባሕር ዳር የሚቆም ሐበሻ እንዳይኖር ብዬ ነው።

ስለ ሒሳቡ ላንሳ። የሚታያችሁ ዋጋ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አይደለም። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ 3 በመቶ የማደሪያ ግብር ተመልሶ መጥቷል። 4,000 የሆንግ ኮንግ ዶላር የተባለ ክፍል 400 እና 120 ሲጨመርበት 4,520 ይሆናል፤ ወደ 580 የአሜሪካ ዶላር ማለት ነው። ገንዘባቸው ለአንድ የአሜሪካ ዶላር ከ7.75 እስከ 7.85 ባለው ክልል ታስሮ ስለሚኖር ስሌቱ ቀላል ነው። ሌላው የሚያናድደው መያዣው ነው። ስትገቡ ከካርዳችሁ ላይ ማስያዣ ያግዳሉ፤ ዴቢት ካርድ ከሰጣችሁ ያ ገንዘብ ከወጣችሁ በኋላም ለቀናት ታግዶ ሊቆይ ይችላል። ክሬዲት ካርድ ያለው እሱን ይስጥ። ሶኬቱ የእንግሊዝ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፤ የአዲስ አበባው ቻርጀር አይገባበትም።

ጓንግዡ ለንግድ ለምትመላለሱ ደግሞ፦ የቻይና ቪዛ ሆንግ ኮንግ አያስገባም፣ የሆንግ ኮንግም ቻይና አያስገባም። ወጥታችሁ የምትመለሱ ከሆነ የመግቢያውን ቁጥር ቀድማችሁ አስሉት።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ። ባሕሩ ሲሸሽ ጥሏቸው የሄደ ነገሮች አሉ፤ ብዙ ጎብኚ በአጠገባቸው ያልፋል እንጂ አያያቸውም።

ከፔኒንሱላ ወደ ምሥራቅ፣ በሚንደን ሮው በኩል ሽቅብ የምትወጣ አጭር መንገድ አለች፤ ሲግናል ሂል ወደሚባል ጉብታ ትወስዳለች። አናቱ ላይ በ1907 የተሠራ የቀይ ጡብ ማማ ቆሟል። ሥራው ሰዓት መናገር ነበር። ከማማው ላይ ትልቅ ኳስ ሽቅብ ይሰቀልና በነሱ 1 ሰዓት ከቀትር በኋላ፣ በእኛ 7 ሰዓት፣ ድንገት ይለቀቃል። ወደቡ ላይ የቆሙት መርከቦች ኳሱ መውረድ የጀመረባትን ቅጽበት አይተው ሰዓታቸውን ያስተካክላሉ። ይህ የጌጥ ነገር አልነበረም። መርከበኛ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የት እንዳለ የሚያውቀው በሰዓት ነው፤ 4 ሴኮንድ ከሳተ በምድር ወገብ አካባቢ አንድ የባሕር ማይል ይስታል። አንድ ማይል ደግሞ መርከብን ከድንጋይ ጋር ለማጋጨት ይበቃል። ማማው ከመሠራቱ በፊት ኳሱ በቀድሞው የባሕር ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ነበር የሚወርደው፤ ያ ጣቢያ ዛሬ የሱቆችና የጥቂት ስዊቶች ሆቴል ሆኗል። ሬዲዮ ሲመጣ ነገሩ አበቃለት፤ በ1933 ኳሱ ለመጨረሻ ጊዜ ወረደ። ጉብታው ላይ ጥላ፣ አግዳሚ ወንበርና ጸጥታ አለ፤ መግቢያ አይከፈልም።

ሁለተኛው የደሴቱ ትራም ነው። ትራም ምን የተደበቀ ነገር አለው ትሉ ይሆናል። ሐዲዱ በ1904 ሲዘረጋ በብዙ ቦታ የተነጠፈው በባሕሩ ዳር ነበር። ስለዚህ ትራሙ ሲጠማዘዝ የሚከተለው የድሮውን የባሕር ዳርቻ ነው። ዋን ቻይ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ጆንስተን ሮድ ላይ እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ማዕበል ይመታ ነበር፤ ሞሪሰን ሂል የሚባለው ኮረብታ ተንዶ ነው ባሕሩ የተሞላው። እዚያ ውረዱና ወደ ተራራው በኩል ትንሽ ተራመዱ፤ ክዊንስ ሮድ ኢስት ላይ ከቋጥኝ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ሁንግ ሺንግ የሚባል መቅደስ ታገኛላችሁ። ሁንግ ሺንግ የዓሣ አጥማጆች ጠባቂ ነው፤ ፊቱ ግን ዛሬ ዓሣ አጥማጅ የለም፣ አውቶቡስ ነው። በእኛ አገር ጥምቀት ሲደርስ ታቦቱ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ እዚህ ውሃው ከመቅደሱ ወረደ።

በትራሙ የሚገባው በኋላ በር ነው፤ የሚከፈለው ስትወርዱ በፊት በር፣ ከሾፌሩ አጠገብ ነው፤ የትም ብትወርዱ ዋጋው አንድ ነው፣ ከ4 የሆንግ ኮንግ ዶላር በታች። መልስ አይሰጡም፤ ሳንቲም ወይም ኦክቶፐስ የሚባለውን የመክፈያ ካርድ ያዙ። ወደ መውጫው በጊዜ ተጠጉ፤ በሰው መካከል ተጋፍቶ መውጣት ጊዜ ይፈጃል። ደግሞ ግንባሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ አንዳንዱ ወደ ሃፒ ቫሊ ይታጠፋል፣ አንዳንዱም መንገድ ላይ ያበቃል። ሻው ኬ ዋን የሚለውን ከያዛችሁ፣ ከመጨረሻው ፌርማታ በእግር የሚደረስበት በ1887 የተሠራ ምሽግ አለ፤ አሁን ሙዚየም ነው። የወደቡ ምሥራቃዊ በር ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ከዚያ ይታያል።

በካውሉን በኩል ያው ማቴ በሚባለው ሰፈር ውስጥ የባሕር እመቤት የምትባለው የቲን ሃው መቅደስም እንዲሁ ከባሕር ርቃ ቀርታለች። ቴምፕል ስትሪት የሚባለው የምሽት ገበያ ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ከ1913 ጀምሮ ያለ የፍራፍሬ ጅምላ ገበያ አለ፤ የሚሞቀው ከእኩለ ሌሊት በኋላ እስከ ንጋት ነው። ከአዲስ አበባ መጥቶ እንቅልፍ እምቢ ላለው ሰው የሚመች ሰዓት ነው። ተሸካሚዎቹ ጋሪ እየገፉ በፍጥነት ስለሚያልፉ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፤ መሐል መንገድ ላይ ፎቶ ማንሳት ጩኸት ያመጣል።

ከግንቦት እስከ ኅዳር ከሄዳችሁ የአውሎ ነፋሱን ምልክት ተከታተሉ። ቁጥሩ 1፣ 3፣ 8፣ 9፣ 10 እያለ ይዘላል። 3 ላይ ከተማው ይሠራል። 8 ሲወጣ ግን ጀልባ ይቆማል፣ መሥሪያ ቤትና አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል፣ ትራንስፖርት ይመናመናል። 8 ሊወጣ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ይነገራል፤ ያን ስትሰሙ ከወደቡ ማዶ ከሆናችሁ ሰልፉ ሳይረዝም ተሻገሩ።

ከመስኮት የሚታየውን ወደብ ከውስጡ ለማየት ስታር ፌሪ አለ፤ ዋጋው ከ10 የሆንግ ኮንግ ዶላር በታች፣ ጉዞው 10 ደቂቃ ገደማ ነው። በካውሉን በኩል ካለው ቺም ሻ ቹይ ወደ ሴንትራልም ወደ ዋን ቻይም ይሄዳል። ጀልባው ዞሮ አይመለስም፤ ሁለቱም ጫፍ ፊት ነው፣ በመጣበት አኳኋን ይመለሳል። ስለዚህ ስትገቡ የእንጨት ወንበሮቹ ወደ ኋላ ዞረው ልታገኟቸው ትችላላችሁ። መደገፊያውን ይዛችሁ ወደ ማዶ ግፉት፣ ይገለበጣል፤ ከዚያ ተቀመጡ።