ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት፦ ፊልሙና የቱሉ ዲምቱ ሌሊት

ሰላም፦ እንደምን አመሻችሁ! የዛሬው ወሬያችን ስለ አንድ ፊልም ነው። «ዘ ፐርጅ፦ ኢሌክሽን ይር»፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ናሆም ሦስት ጊዜ አይቶታል።

ናሆም፦ አራት። ትናንት ማታም ደገምኩት።

ሰላም፦ በል ላላዩት ባጭሩ ንገራቸው።

ናሆም፦ አሜሪካ ውስጥ ነው። በዓመት አንድ ሌሊት ግድያ ሳይቀር ይፈቀዳል። ፖሊስ የለም፣ አምቡላንስ የለም። ሳይረን ይጮሃል፣ ይጀመራል። ቀኑ በእነሱ ማርች 21፣ በኛ መጋቢት 12 ነው። ሰዓቱን ደግሞ ስሚ፤ ከምሽቱ 1 እስከ ጠዋቱ 1።

ሰላም፦ እነሱ ከሰባት እስከ ሰባት ነው የሚሉት። በኛ ሲሆን ግን ሌሊቱ በሙሉ ነው።

ናሆም፦ ልክ! እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባን ሰሞን እኛም እንደዚያ ነበርን። 1 ሰዓት ካለፈ ማንም አይወጣም። የመንገድ መብራት የለም፣ ግቢው አልታጠረም፣ ጅብ...

ሰላም፦ መጣ ጅቡ!

ናሆም፦ ይመጣል እንጂ!

ሰላም፦ አድማጮቻችን ያውቁታል፤ የናሆም ጅብ የሌለበት ዝግጅት የለንም።

ናሆም፦ ይሄኛውን አልነገርኩሽም። አንድ ሌሊት ነው፣ መብራት ጠፍቷል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሦስተኛ ፎቅ ያለች ጎረቤታችንን ምጥ ያዛት። ባሏ ክፍለ ሀገር ነው። አምቡላንስ ተደወለ። «እየመጣን ነው» አሉ። ዝም። እንደገና ተደወለ። ዝም። እናቴ ደረጃው ላይ ወጥታ «ኧረ የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች። አስቢው፣ ሁሉም በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ነው የተኛው።

ሰላም፦ ከፈቱ?

ናሆም፦ አንድ በር ተከፈተ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ በየፎቁ የስልክ መብራት ቦግ ቦግ አለ። ሰላም ብያቸው የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ወጡ። ሴትየዋን በብርድ ልብስ ይዘን አወረድናት። ምድር ላይ ያለው ልጅ ባጃጁን አስነሳ። ጥበቃችን፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ዱላቸውን ይዘው ከፊት እሱ አጠገብ ተጠጉ። እኔና እናቴ ከኋላ ደግፈናታል። አስፋልቱ ጋ ልንደርስ ስንል ሁለት ዓይን አበራ።

ሰላም፦ ጅቡ።

ናሆም፦ ጅቡ! መሀል መንገድ ቆሟል። አባባ ወረዱ። ዱላቸውን መሬት ላይ መቱና «ሂድ ወዲያ! ሰው ልትወልድ ነው!» አሉት።

ሰላም፦ እና ሄደ?

ናሆም፦ ቀስ ብሎ ዞር አለ። ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ደረስን። ጎህ ሲቀድ ሴት ልጅ ተወለደች። አምቡላንሱ የደወለው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው፤ «አድራሻው የት ነበር?» ብሎ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሰላም፦ 1 ሰዓት ላይ! በል አሁን ወደ ፊልሙ።

ናሆም፦ ፊልሙ ውስጥ ነን እኮ! ሌኒ አለች አይደል? በፊልሙ የግድያ ሌሊት በመኪና እየዞረች ቁስለኛ የምትሰበስበው። እኔ እሷን ባየሁ ቁጥር የባጃጁ ልጅ ነው ትዝ የሚለኝ። ማንም አላዘዘውም። ባለ ሱቁ ጆ ደግሞስ? በዋዜማው የኢንሹራንስ ክፍያ ይጨምሩበታል፣ መክፈል አይችልም፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ራሱ ይጠብቃል። በኋላ ግን ሱቁን ትቶ፣ ይህን የግድያ ሌሊት አስቀራለሁ ብላ ለፕሬዝዳንትነት የምትወዳደረውን ሴናተር ሊያድን ይሄዳል። የኛም ሰፈር ባለ ሱቅ ያን ሌሊት ሱቁን ከፍቶ ሻማ በነፃ አደለ።

ሰላም፦ እኔ ግን የማልቀበለው ነገር አለ። ሲገድል ያደረ ሰው ሳይረን ሲጮህ መሣሪያውን አስቀምጦ ሥራ ይገባል? ጎረቤቱን ገድሎ ነገ ከማን ጋር ቡና ይጠጣል?

ናሆም፦ ሕግ ሆኖ ሲታወጅ ሰው ይለምደዋል።

ሰላም፦ አይለምደውም! ያቺ ተማሪ ትዝ ትልሃለች? ጆ ሱቅ ውስጥ ከረሜላ ልትሰርቅ ስትል የተያዘችው። ማታ ጓደኞቿን ይዛ፣ ታጥቃ ተመልሳ መጣች። ቂም በሰዓት አይቆምም።

ናሆም፦ እሱስ እውነት ነው። ግን ዋናው ቂም አይደለም፤ ገንዘብ ነው። ያለው በብረት በር ይዘጋል፣ የሌለው ይሞታል። ሴናተሯ የምትጮኸው ይህንኑ ነው፤ ድሃውን ለመጨረስ ነው ትላለች። ባለሥልጣናት ደግሞ እስከዚያ ዓመት አይነኩም ነበር። ያን ከለላ ያነሱት እሷን ለማስገደል ነው። ይሄ አያናድድም?

ሰላም፦ ያናድዳል። ቂሙን ግን አልተውኩትም።

ናሆም፦ አትተዪ፣ እኔም ገንዘቡን አልተውም። ያን ሌሊት የተወለደችው የጎረቤታችን ልጅ እኮ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ትናንት ደረጃው ላይ አገኘኋት፣ ቦርሳዋ ከእሷ ይበልጣል።

ሰላም፦ ሰዓታችን አለቀ፣ ስለ ምርጫው ምንም አላወራንም!

ናሆም፦ ሳምንት እንመለስበታለን። አምስተኛ አየዋለሁ።