«ጨምሪላቸው!»፦ የጀርመን ቴአትር ባሕር ሲሻገር

ቢኒ፦ ጤና ይስጥልን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ባለፈው ሳምንት ቃል እንደገባነው ዛሬ የምናወራው ስለ ጀርመን ቴአትር ነው። በተለይ በርሊነር አንሳምብል የሚባለው ቡድን እንደ ፈረንጆቹ በ1956 ለንደን ሄዶ በጀርመንኛ ስለተጫወተበት ጊዜ። ማሂ ሳምንቱን ሙሉ ስታነብ ነው የከረመችው።

ማሂ፦ አንብቤያለሁ። ግን ለንደን ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ላውራ። ሁለት ደቂቃ።

ቢኒ፦ ሁለት ደቂቃ።

ማሂ፦ እትዬን ይዣት የሄድኩበትን ቀን።

ቢኒ፦ በቃ፣ ለንደን ቀረ! (ሳቅ)

ማሂ፦ አይቀርም፣ ስማኝ። እትዬ የምላት አክስቴን ነው። ደሴ ተወልዳ መርካቶ በርበሬ በረንዳ ያረጀች ሴት ናት። በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ። እኔ ያኔ ጀርመንኛ እማር ነበር፤ እና በአንድ አዳራሽ የጀርመናዊውን ጸሐፌ ተውኔት የብሬሽትን «ሙተር ኩራዥ»፣ እናት ኩራዥ ማለት ነው፣ ሊያሳዩ ነው ተባለ። በርሊነር አንሳምብል መድረክ ላይ የሚሠራውን ቴአትር በጥቁርና ነጭ ፊልም ቀርጸው በ1961 አውጥተውታል፣ እሱን ነው። አብራኝ ልትሄድ የነበረችው ጓደኛዬ ቀረች። እትዬ ደግሞ ያን ቀን ቤታችን ነበረች። «ነይ አብረን እንሂድ» አልኳት።

ቢኒ፦ እሳቸው ጀርመንኛ ይችላሉ?

ማሂ፦ ኧረ ከየት አምጥታ! ከስር የሚሮጠው ጽሑፍ እንኳ እንግሊዝኛ ነው። እሷ የምታነበው አማርኛ ብቻ ነው። እኔ በሹክሹክታ ልተረጉምላት አስቤ ነበር። ገና ከመጀመሩ ሴትዮዋ ጋሪዋን እያስጎተተች ገባች። ጋሪው ላይ ሸቀጥ ተንጠልጥሏል። እትዬ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ነጋዴ ናት። ዝም በይ፣ ገብቶኛል።»

ቢኒ፦ (ሳቅ) ዝም በይ!

ማሂ፦ ገብቷት ነበር እኮ! ለማያውቀው ሰው ታሪኩን ልንገረው። ጊዜው ጀርመን ውስጥ የሠላሳው ዓመት ጦርነት የሚባለው ነው፣ ከ1618 እስከ 1648። ኩራዥ ወታደሮቹን እየተከተለች ትነግዳለች። ጫማ፣ ቀበቶ፣ አረቄ። ሦስት ልጆች አሏት፣ ሦስቱንም አንድ በአንድ ጦርነቱ ይበላባታል። ስሟን እንዴት እንዳገኘችው ታውቃለህ? ኩራዥ ማለት ድፍረት ነው። በሪጋ ከተማ መድፍ እየዘነበ 50 ዳቦ በጋሪ ጭና በመሐል ነድታ ያለፈች ሴት ናት። ለምን? ዳቦው መሻገት ጀምሮ ነበር።

ቢኒ፦ ከሞት ይልቅ ኪሳራ ፈርታ!

ማሂ፦ ይህንን በኋላ ለእትዬ ስነግራት በጭራሽ አልገረማትም። «ታዲያ ሻግቶ ማን ይገዛታል?» አለችኝ። እሷም በግርግር ቀን ጆንያ አስጭና በርበሬ በረንዳ የገባች ሰው ናት።

ቢኒ፦ እሺ፣ «ጨምሪላቸው» የሚለውን ንገሪያቸው። ይህችን ነገር እኔ ሃያ ጊዜ ሰምቻታለሁ፣ ግን አትሰለቸኝም።

ማሂ፦ እሱ ጋ መድረሴ ነው። ሁለተኛው ልጇ፣ የዋሁ፣ የጦሩ ገንዘብ ያዥ ነው። የገንዘብ ሣጥኑን ደብቆ ይያዛል፣ ሊረሽኑት ነው። 200 ጉልደን ከተከፈለ ይለቀቃል ተባለ። ያላት ንብረት ጋሪው ብቻ ነው፣ እሱን አስይዛ ገንዘቡን ልታገኝ ትችላለች። ግን 200 ከፍላ በምን ልትኖር ነው? ሴት ልጅም አለቻት። ስለዚህ 120 ትላለች። አማላጇ ትሮጣለች፣ ትመለሳለች፣ አይሆንም ብለዋል። እሷ ደግሞ ገና ታሰላለች።

ቢኒ፦ እና እትዬ ምን አሉ?

ማሂ፦ እትዬ ዕድሜዋን ሙሉ በዋጋ ተሸንፋ አታውቅም። ገዢ ጥሏት ሲሄድ እንኳ ዞራ አታይም፣ «ይመለሳል» ነው የምትለው። ይህች ሴት በዚያ ጨለማ አዳራሽ ብድግ አለች። «ጨምሪላቸው! አንቺ ሴት፣ ጨምሪላቸውና ጨርሺ!»

ቢኒ፦ ጮክ ብለው?

ማሂ፦ ጮክ ብላ! ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ዞር አሉ። ማንም አልሳቀም፣ ቢኒ። ይህን ልብ በልልኝ። ሁሉም ያንን ማለት ፈልጎ ስለነበር ነው የማይስቀው። ኩራዥ በመጨረሻ 200ውን እከፍላለሁ ትላለች፤ ያኔ መሽቷል። ከበሮ ተመታ፣ ተኩስ ተሰማ። ሄሌነ ቫይገል፣ ኩራዥን የምትጫወተው፣ በርጩማ ላይ እንደተቀመጠች ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ አፏን በሰፊው ከፈተችው። ድምፅ የለም። አንድም ድምፅ። እትዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ አስገባች። እኔ እሷን ነው የማየው፣ ፊልሙን አይደለም።

ቢኒ፦ እህህ...

ማሂ፦ ከዚያ ሬሳውን አምጥተው «ይህን ታውቂዋለሽ?» ይሏታል። አውቀዋለሁ ካለች እሷም ልትያዝ ነው። ራሷን ነቅንቃ «አላውቀውም» ትላለች። ልጇን! እትዬ በዚህ ጊዜ አጠገቤ ታለቅስ ነበር። እንደ ለቅሶ ቤት፣ ወገቧን ይዛ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለች።

ቢኒ፦ አሁን እኔ የምለው አለኝ። ትሰሚኛለሽ?

ማሂ፦ በል።

ቢኒ፦ ብሬሽት እኮ ሰው እንዲያለቅስ አይፈልግም ነበር። ቴአትሩ መጀመሪያ የታየው በ1941 ዙሪክ፣ ስዊዘርላንድ ነው፤ እሱ ስደት ላይ ነው፣ ጀርመን ናዚ ነች። ሰው አይቶ አለቀሰ፣ «ምስኪን እናት» አለ። ብሬሽት በዚህ አልተደሰተም። በ1949 በርሊን ላይ ሲያሳየው አንዳንድ ቦታ ለውጦ ይበልጥ ጨካኝ አደረጋት። መጀመሪያ ቁስለኞችን ለማሰሪያ የራሷን ሸሚዞች የምትሰጠው ሴት፣ በኋላ በግድ ተቀምታ ነው ሸሚዙ የሚቀደደው። እንድንፈርድባት ነው የፈለገው። ጦርነትን ገበያ ያደረገች ሴት ናት። እትዬ አለቀሱ ማለት ደራሲው እንዳሰበው አላዩትም ማለት አይደለም?

ማሂ፦ አይደለም! «ጨምሪላቸው» ብላ የተነሳች ሴት እኮ ፈርዳለች። መጀመሪያ ፈረደች፣ ከዚያ አለቀሰች። ሁለቱ አይጣሉም። እኛ አገር ለቅሶ ላይ እያለቀስን ሟቹን እንወቅስ የለ እንዴ? «ምነው ተው ብዬህ ነበር» እያልን አይደል የምናለቅሰው?

ቢኒ፦ እሱስ እውነት ነው... ግን ብሬሽት ይህን ይቀበል ነበር ወይ ነው ጥያቄው።

ማሂ፦ ብሬሽት እትዬን አላያትም።

ቢኒ፦ (ሳቅ) እሺ፣ ይህ ይደር። ለንደን እንግባ? ጨምሪላቸውና ጨርሺ!

ማሂ፦ (ሳቅ) ጨመርኩ፣ ጨመርኩ! አሁን ለንደን። በእርግጥ መጀመሪያ ፓሪስ ነው፣ በ1954። ቡድኑ በ1949 ነው በብሬሽትና በቫይገል የተቋቋመው፣ ምሥራቅ በርሊን። በአምስት ዓመቱ ፓሪስ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ላይ ይህንኑ ኩራዥን ይዘው ሄደው አንደኛ ወጡ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ዘጠኝ ዓመቱ እኮ ነው! ፓሪስ በጀርመን ወታደር ተይዛ የነበረች ከተማ ናት። ጀርመንኛ ያን ጊዜ እዚያ ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበረ አስበው። በዚያ ቋንቋ ነው ስለ ጦርነት የተጫወቱላቸው።

ቢኒ፦ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ማሂ፦ ከዚያ 1956፣ ኦገስት። ለንደን ሊሄዱ ሲዘጋጁ ብሬሽት ታሟል። ለተዋናዮቹ አጭር ማስታወሻ ጽፎ ቴአትር ቤቱ ውስጥ ለጠፈላቸው። በፈረንጆቹ ኦገስት 5 ነው። ምን አላቸው? ተመልካቹ አብዛኛው ጀርመንኛ አይሰማም፤ ስለዚህ ለብዙ ሰው የምናሳየው ድምፅ አልባ ፊልም ያህል ነው። ደግሞም እንግሊዞች የጀርመን ጥበብ ከባድ ነው፣ ዘገምተኛ ነው ብለው ይፈራሉ። ስለዚህ ፈጠን፣ ቀለል፣ ጠንከር አድርጋችሁ ተጫወቱ። መጣደፍ ሳይሆን ቅልጥፍና። ሐሳባችሁም ይፍጠን።

ቢኒ፦ እና ከእነሱ ጋር አልሄደም።

ማሂ፦ አልሄደም። ኦገስት 14 አረፈ። ማስታወሻውን ከጻፈ ዘጠኝ ቀን ነው። ቫይገል ሚስቱ ናት! ቡድኑ ኦገስት 27 ለንደን ላይ ጀመረ፤ እሷም መድረክ ላይ ቆማ ኩራዥን ተጫወተች። ባሏን ከቀበረች ሁለት ሳምንት ሳይሞላት፣ ጋሪ እየጎተተች።

ቢኒ፦ ...

ማሂ፦ እኔ ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ተነሳሁ። ያንን አፍ የከፈተችበትን ቦታ በዚያ ምሽት እንዴት እንደተጫወተችው አስባለሁ። ደግሞ የእሷን ታሪክ እይልኝ፤ አሜሪካ ስደት ላይ በቆየችባቸው ዓመታት የጀርመንኛ ተዋናይ ማን ይፈልጋል? ፊልም ላይ ያገኘችው አንዲት ትንሽ፣ ቃል የሌላት ሚና ነበረች። ዓመታት ቋንቋዋን የሚሰማ ሕዝብ ሳይኖራት ኖረች። ድምፅ የሌለው ጩኸት ከዚያ ነው የመጣው እላለሁ እኔ። የእኔ ግምት ነው፣ ግን እላለሁ።

ቢኒ፦ ቆይ፣ እዚህ ጋ ልቃወምሽ። «ቋንቋ አያስፈልግም» ወደሚለው እየሄድሽ ነው። ብሬሽት ባለቅኔ ነው እኮ። በየመሐሉ ዘፈን አለ፣ የፓውል ዴሳው ዜማ። ቃሉ ካልገባሽ ዘፈኑ ውስጥ ያለውን ወቀሳ በምን ታውቂዋለሽ? እትዬ ዘፈኖቹ ላይ ምን አሉ?

ማሂ፦ ዘፈኖቹ ላይ... እውነቱን ልንገርህ፣ ሰለቸቻት። ነጠላዋን ታስተካክል ነበር።

ቢኒ፦ ይኸው!

ማሂ፦ ዘፈኑን ልስጥህ። ግን ካትሪንን አልሰጥህም። የኩራዥ ሴት ልጅ፣ ካትሪን፣ መናገር የማትችለው። ጠላት በሌሊት ሃለ የምትባል ከተማን ሊገባባት ነው፤ ገበሬዎቹ ተንበርክከው ይጸልያሉ። ይህች ልጅ ከበሮ ይዛ ጣሪያ ላይ ወጣች፣ መሰላሉን ወደ ላይ ሳበችው፣ መታች። ዝም በይ ይሏታል፣ ይለምኗታል፣ ያስፈራሯታል። እያለቀሰች ትመታለች። ተኩሰው ገደሏት፤ ከተማዋ ግን ነቅታለች። ቃል የሌላት ልጅ ናት ሰው ያዳነችው! አንጌሊካ ሁርቪትስ ነች የተጫወተቻት። ይህን ለንደን ላይ ማን ይተርጉምልኝ አለ?

ቢኒ፦ እሱን ትዕይንት ማንም አይተረጉመውም፣ ልክ ነሽ። ዘፈኑ ግን ትርጉም ይፈልጋል። እኔ አሁንም እዚያው ነኝ።

ማሂ፦ እዚያው ሁን። ለነገሩ አማርኛም አግኝቷል፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኩራዥን ወደ እኛ መድረክ አምጥቷታል፣ «እናት ዓለም ጠኑ» ብሎ።

ቢኒ፦ ስሙ ራሱ እንዴት ያምራል። እትዬ ያኔ ቢያዩት ኖሮ ዘፈኑም አይሰለቻቸውም ነበር። ይኸው የእኔ ነጥብ!

ማሂ፦ (ሳቅ) እሺ፣ ይህችን ወሰድክ። ግን መጨረሻውን ሳልናገር አትዝጋው። ሳንቲሟን።

ቢኒ፦ ሳንቲሟን!

ማሂ፦ ካትሪን ሞታለች። ኩራዥ ልጇን የሚቀብሩላት ገበሬዎች ጋ ሄዳ ከቆዳ ቦርሳዋ ገንዘብ ታወጣለች። ቫይገል እዚህ ጋ ምን ታደርጋለች፤ ሳንቲሞቹን መዳፏ ላይ ታያቸዋለች፣ ከዚያ አንዷን ሳንቲም መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታታለች። የቀረውን ትሰጣቸዋለች። ከዚያ ጋሪውን ብቻዋን አንገቷ ላይ አድርጋ ትጎትታለች።

ቢኒ፦ እኔ እዚህ ጋ ነው የጠላኋት። የመጨረሻ ልጇ ናት። አንድ ሳንቲም!

ማሂ፦ እኔም ጠልቻት ነበር። ስንወጣ ታክሲ እየጠበቅን ለእትዬ «አየሽ ግን ሳንቲሟን ስትመልስ?» አልኳት። ዝም አለችኝ። ፒያሳ እስክንደርስ ዝም። ከታክሲ ስንወርድ «ነገ ምን ትበላ?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ቢኒ፦ ፈረዱላት ወይስ ፈረዱባት?

ማሂ፦ እሱን እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄያት አላውቅም።

ቢኒ፦ ይህን ያህል ዓመት? አሁን ደውይላት!

ማሂ፦ ቅዳሜ ነው፣ ቢኒ። በዚህ ሰዓት ሚዛን ላይ ናት። ብደውልላት «ስንት ኪሎ?» ነው የምትለኝ።

ቢኒ፦ (ሳቅ) እንግዲያው ማታ ደውይ፣ የመለሰችሽን በሚቀጥለው ሳምንት ትነግሪናለሽ። ስለ ፓሪሱ ሁለተኛ ጉዞ፣ ስለ ሌላው የብሬሽት ቴአትር ስለ «የኖራው ክበብ» ሳናወራ ቀረን...

ማሂ፦ የኖራው ክበብ! አዎ፣ በዓመቱ በ1955 ፓሪስ ተመልሰው ያሳዩት። እሱ ራሱን የቻለ ነው፣ ሁለት እናቶች አንድ ልጅ...

ቢኒ፦ አትጀምሪው! አትጀምሪው። ደህና ሰንብቱ።

ማሂ፦ ደህና ሰንብቱ። እሱን ደግሞ ለእትዬ በአማርኛ እነግራታለሁ።